ድሬዎችና ሐረሮች፣ የሃይሉክስ የኋላ ስቶፐር ጎማ ልቀይር ነው፣ የቱ ይሻለኛል?

ሳቢያን_04

ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ስለ ስቶፐር ነው፣ ባምፕ ስቶፕ የሚሉት፣ ያቺ ከሻንሲው ስር ያለችው አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኘው ብረት) ወደ ላይ ሲመጣ የምትቀበለው ጎማ። መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና 2012 ሞዴል ናት። ስራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከሽንሌ አልፌ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ወዳሉ ጉድጓዶች ነው የምሄደው፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው አስፋልት ምንም አይልም፣ ችግሩ ከሱ ስትወጣ ነው፣ አንዱን ደረቅ ወንዝ ተሻገርኩ ስትል ሌላው ይመጣል፣ አሸዋው ላይስ እሺ ቀስ ብለህ ታልፈዋለህ፣ ዳሩ ላይ ግን ጎርፍ የቆረጠው ደረጃ አለ እዛ ላይ ነው የሚደበድበኝ።

የዛሬ ስድስት ወር አካባቢ ጭነት ሲበዛ ኋላዋ እየተቀመጠ ሲያስቸግረኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና ባሌስትራው ላይ (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) አንድ ቅጠል ተጨመረ፣ ማንጠልጠያውም በረጅም ተቀየረ፣ ወደ 5 ሳንቲም ከፍ አለች። ሾካብዞርበሩንም ከፍ ላለ መኪና የሚሆን ነው ብለው ረጅም ገጠሙልኝ። ባዶዋን ቆማ ስታያት ታምራለች ግን ከዛ ወዲህ ነው ነገሩ የባሰው፣ ጭነት ይዤ ደረጃ ነገር ላይ ስወርድ «ጓ!» ይላል፣ ወንበሩ ስር በመዶሻ የመቱኝ ነው የሚመስለኝ። የግራው ሾክ ደግሞ በስድስት ወር ሁለቴ ዘይት አፈሰሰ፣ አንዴ ቀይሬው ነው።

ቅዳሜ ከስር ገብቼ አየሁት። የግራው ስቶፐር ጎማው ጭራሽ የለም፣ ጎማው የሚቀመጥባት የብረት ኩባያ ብቻ ቀርታለች፣ እሷ ራሷ ምንም አልሆነችም አቧራ ለብሳ ቀለሟ እንዳለ ነው። የቀኙ አለ ግን መሃሉን ተሰንጥቋል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረብኝ።

አሁን ሶስት ሰው ሶስት ነገር ነግሮኛል። አንዱ መካኒክ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ ወፍራም አድርጌ እሰራልሃለሁ አለኝ። ጓደኛዬ ቀዩን ፖሊዩረቴን ከዱባይ አስመጣልሃለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሃይድሮሊኩን አይቼ ልቤ እዛ ሄዷል። ጭነቴ ጄኔሬተር ወደ 300 ኪሎ፣ ቱቦና መፍቻ ምናምን 200 ኪሎ፣ አንዳንዴ አንድ በርሜል ናፍጣ፣ ከኔ ጋር አራት ሰው ነን። የቱን ልግዛ? የሞከራችሁት ካላችሁ በእውነት ንገሩኝ፣ በወር አራት አምስት ጊዜ የምሄደው መንገድ ነው ሰውም ይዤ ነው የምሄደው።


የሸዋበር_ሹፌር

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። እባክህን ያንን ከከባድ ጎማ የሚቆረጠውን እንዳታስገጥም፣ ይሄንን የምልህ ደርሶብኝ ነው። እኔ የምነዳው 78 ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፣ ከሐረር በባቢሌ አርጌ ወደ ፊቅ መንገድ የተመላለስኩበት ጊዜ ነበር። ልክ እንዳንተ ስቶፐሩ አለቀና ሰው ያሉትን ሰምቼ ከጎማ አስቆርጬ አራት ድርብ ተደራርቦ በቡሎን ታሰረልኝ። ሲታይ ጠንካራ ነው፣ አቦ አሁን ማን ይነካኛል ብዬ ነበር ወላሂ።

የመኪና ጎማ ውስጡ ክርና ሽቦ አለው ስለዚህ እንደ ስቶፐር አይጨመቅም፣ ያንን ጉልበት ሳይውጠው እንዳለ ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል። ሁለት ወር አልቆየም፣ የላይኛው ድርብ ተበላና የቡሎኑ ራስ ብቅ አለ፣ ከዛ በኋላ ብረት በብረት ነው። አንድ ቀን ዳካታ ሸለቆ ድንጋዮቹ ጋ ቆመን ሳለ ረዳቴ ጎማ ሊያይ ጎንበስ ብሎ ና እስቲ እየው አለኝ፣ ስቶፐሩ የተያዘበት መቀመጫ ብየዳው ጋ ፀጉር የምታክል መስመር ወጥታለች፣ ዝገት ከውስጧ እንደ ሻይ ወርዶ ሻንሲው ላይ ደርቋል። በጣቴ ስጠርገው እንደገና ይታያል። ያን ቀን ጭነቱን ግማሹን ሌላ መኪና ላይ አዛውረን ነው በ20 እየሄድን የተመለስነው።

አሁን ያለኝ ውስጡ ባዶ የሆነው ጎማ ነው፣ እንደ ሁለት ኳስ ተደራርቦ ወገቡ ላይ ገባ ያለ ቅርፅ ያለው፣ ቲምብረን የሚባለው የካናዳ ኩባንያ የሚሰራው አይነት። ሲነካ ለስላሳ ነው፣ እየተጫንከው በሄድክ ቁጥር እየጠነከረ ነው የሚሄደው። ጓ የሚለው ድምፅ ጠፍቷል፣ አሁን እንደ ትራስ ነው የሚቀበለው። ውድ ነው አልዋሽህም፣ ግን ስንት አመቴ ነው።


ከዚራ_ኦፍሮድ

ብሮ ልብህ የሄደበትን ተከተል፣ ሃይድሮሊኩን የሚያህል የለም። አጭር ሾክ ማለት ነው፣ ውስጡ ዘይትና ናይትሮጅን አለው፣ ሌላው ጎማ ተጨምቆ መልሶ ያነጥርሃል ይሄኛው ግን ጉልበቱን በዘይቱ ይበላዋል አያነጥርህም፣ ብዙ የበረሃ እሽቅድምድም መኪኖች እሱን ነው የሚጠቀሙት። በያጅ ጥሩ ካገኘህ ሻንሲው ላይ ቱቦ አስበይደህ መግጠም ነው።


አለቃ_ገንደቆሬ

ልጄ ሳቢያን፣ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ የፃፍከውን ራስህ ደግመህ አንብበው። የግራው ጎማ የለም ኩባያዋ ግን ቀለሟ እንዳለ ነው ብለሃል። አክስሉ እስከ ኩባያዋ ድረስ ወጥቶ የሚመታ ቢሆን ኖሮ ያቺ ኩባያ ጠርዟ ተጣሞ ቀለሟ ተልጦ ብረቷ ያበራ ነበር። አልተነካችም ማለት «ጓ» የሚለው እሷ አይደለችም። ታዲያ ምንድነው የሚመታው? በስድስት ወር ሁለቴ ዘይት ያፈሰሰው ሾክ ነው የሚመታው። ሾኩ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ታች ያለችው ቫልቭ ላይ ፒስተኑ እያረፈ ነው። እስቲ የሾኩን የታችኛውን ጎሚኒ፣ ቡሎኑ የሚያልፍበትን ጎማ፣ እየው፣ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ወጥቶ ታገኘዋለህ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስቶፐር ብዙ ሰው ለሻንሲ ብቻ የተሰራ ይመስለዋል፣ ሻንሲውንም ይጠብቃል ጎማውም ፓራፋንጎ እንዳይነካ ይከላከላል፣ ግን ትልቁ ስራው ሾኩ ሳይዘጋ አክስሉን ማስቆም ነው። ፋብሪካው ሲሰራው ሾኩና ስቶፐሩ ተለክተው ነው የሚወጡት። ረጅም ሾክ ስትገጥም ሲዘረጋ ብቻ አይደለም ረጅም የሚሆነው፣ ሲዘጋም ረጅም ነው። ያንን ማንም አይነግርህም። መኪናህ 5 ሳንቲም ከፍ ብላ አየሃት ግን ጭነት ስትጭንባት ተመልሳ ትወርዳለች፣ ሾኩ ግን አያጥርም።

ስለዚህ ሜትር ያዝና ልካ። መኪናዋ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ባዶዋን ትቁም፣ ከኩባያዋ ጫፍ እስከ አክስሉ ማረፊያ ስንት ነው። የሾኩ ላይኛውና ታችኛው ቡሎን መሃል ለመሃል ስንት ነው። ከዛ የፈሰሰውን ሾክ ፍታውና መሬት ላይ አቁመህ በክብደትህ ተጫነው እስኪያልቅ፣ ሲዘጋ መሃል ለመሃል ስንት ሆነ። ከዛ ሁልጊዜ የምትጭነውን ጭነት ጭነህ የኩባያዋን ርቀት ድገመው። አሮጌው የፋብሪካ ሾክ ካልጣልከው እሱንም ለካው። አራት አምስት ቁጥር ነው፣ አምጣልኝ።

ለሸዋበሩ ወንድማችን፣ ስለ ጎማው ድርብ የተናገርከው ሁሉ ትክክል ነው፣ ብየዳውንስ ምን አረግክበት? እንደዛ አይነት ስንጥቅ ላዩን ብቻ ከበየዱት ከስር መሄዱን አይተውም፣ ጫፉ ላይ በትንሽ መሰርሰሪያ ተበስቶ፣ ተፈልፍሎ ከስር ጀምሮ ነው መሞላት ያለበት።

ለከዚራው፣ ሃይድሮሊኩ ጥሩ እቃ ነው አልከራከርህም። ግን ይሄ ልጅ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ሲል ቢያልቅበት ናይትሮጅን ሞልቶ ሲሉን ቀይሮ የሚመልስለት ሰው ድሬ ላይ እኔ አላየሁም፣ በዛ ላይ ሻንሲ መበየድ አለበት። አንድ አሸዋ የነካው ዘንግ ይዞ አይሻ ላይ ከሚቆም መቶ ብር የማያወጣ የሚመስል ጎማ ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።


ከዚራ_ኦፍሮድ

እሺ ጋሼ፣ ስለ ሲሉ አላሰብኩም ነበር። ቀዩ ፖሊዩረቴንስ? እሱ ብየዳ አይፈልግም፣ ሙቀትም ከጎማ ይሻላል ሲባል ነው የምሰማው።


አለቃ_ገንደቆሬ

ቀለሙ ምንም አይነግርህም። ፖሊዩረቴን የሚባለው ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ድፍን ነው ስትነካው እንደ ጫማ ሶል ጠንካራ፣ ሌላው እንደ ስፖንጅ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለው ነው። ድፍን ነገር ጎማም ይሁን ሌላ ስትጫነው መጠኑ አይቀንስም፣ ወደ ጎን ነው የሚያብጠው፣ ማበጫ ቦታ ካጣ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ ያለው ግን ቀዳዳዎቹ እየተጨፈለቁ ከቁመቱ ከግማሽ በላይ ይጨመቃል፣ ጎኑ ብዙ አያብጥም። ዛሬ ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት እሱን ነው። የሱ ችግር እርጥበትና እድሜ ነው፣ ሲያረጅ ያ ሳቢያን ያለው እንደ ዳቦ መፈርፈር ይመጣል። ተራው ጎማ ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ ዘይት ከነካው ያብጣል ይላላል፣ የፈሰሰ ሾክ አጠገቡ ካለ በቶሎ ነው የሚሄደው። ድሬ ላይ ቆማ የምትውል መኪና ስሯ ያለው ጎማ ሁሉ እድሜው አጭር ነው፣ በየአመቱ ቦሎ ስታሳድሱ በእጃችሁ እየነካችሁ እዩት፣ በአይን አይታይም።

ሌላ ደግሞ ፍጥነት። በ20 የወረድክበትን ደረጃ በ40 ብትወርድበት እጥፍ አይደለም የሚመታህ፣ ስቶፐሩ መዋጥ ያለበት ጉልበት ወደ አራት እጥፍ ነው የሚሄደው። የትኛውም እቃ ይሄን አይሽርልህም።


ሳቢያን_04

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትናንት ከሰዓት ሙሉ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንለካ ዋልን። ጎሚኒው እንዳሉት ነው፣ ተጨፍልቆ አንድ ጎኑ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ እኔ በየቀኑ አጠገቡ እያለሁ አላየሁትም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ባዶዋን ከኩባያዋ እስከ አክስሉ 15 ሳንቲም። ሾኩ ቆማ ባለችበት መሃል ለመሃል 46። ረጅሙ ሾክ ሲዘጋ 37 ነው። አሮጌው የፋብሪካ ሾክ ቤት ጣሪያ ላይ ነበር የቀኙ ደህና ነው፣ እሱ ሲዘጋ 34 ሲዘረጋ 56። ጄኔሬተሩን፣ ቱቦውን፣ ናፍጣውን ጭነን አራት ሰው ተቀምጦ የኩባያዋ ርቀት 9 ሳንቲም ሆነ። የቀኙን ስቶፐር ፈትቼ ለካሁት ተሰንጥቆም ቢሆን ቁመቱ 6 ነው።


አለቃ_ገንደቆሬ

ጎበዝ። አሁን አብረን እንቁጠር። ያንተ ሾክ ትንሽ ጋደል ብሎ ነው የተገጠመው፣ ስለዚህ አክስሉ 10 ሳንቲም ሲወጣ ሾኩ 9 ያህል ነው የሚገባው። ረጅሙ ሾክ ከ46 ወደ 37፣ የቀረው 9 ነው፣ ማለት አክስሉ 10 ሳንቲም ከወጣ ሾኩ ተዘግቷል። ጭነት ስትጭን 6ቱን በቆመበት በላኸው። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዘህ የቀረህ 4 ሳንቲም ብቻ ነው። አራት ሳንቲም ይዘህ ነው ጎርፍ የቆረጠውን ደረጃ የምትወርደው።

አሁን እየው፣ አዲስ ስቶፐር 6 ሳንቲም ቁመት ያለው ብትገጥም ኖሮ አክስሉ የሚነካው 9 ሳንቲም ሲወጣ ነው (ከ15ቱ 6 ሲቀነስ)፣ ሾኩ የሚዘጋው 10 ሲወጣ። ስቶፐሩ አንድ ሳንቲም ብቻ ተጨምቆ ሾኩ ይመታል። በዱባይም በካናዳም የተሰራ ይሁን ያው ነው። ከስሩ ማራዘሚያ አስገብተህ ቀድሞ እንዲነካ ታረገው ነበር፣ ወደ 3 ሳንቲም ተኩል ይፈልጋል፣ ግን ያን ስታረግ ሙሉ ጭነት ላይ ቆመህ ራሱ ስቶፐሩ ላይ ትቀመጣለህ፣ ባሌስትራው ስራ ይፈታል። ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ባሌስትራ ጭነቱን ለሻንሲው የሚያካፍለው በፊትና በኋላ በሁለት ቦታ ነው፣ ስቶፐር ላይ ወይም በአየር ትራስ ላይ ስትቀመጥ ግን ሁሉም በአንድ ነጥብ ከአክስሉ በላይ ይገፋል፣ ከኋላ ተንጠልጥሎ የተጫነ ጭነት ካለ ደብል ጋቢና ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ ይጎብጣል። ተጣሞ የመጣ አይቻለሁ፣ በጋቢናውና በካሳው (ጭነት የሚጫንበት ሳጥን) መሃል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ።

አሮጌው ሾክህ ግን 34 ይዘጋል። ከ46 ሲቀነስ 12 ቀረህ፣ አክስሉ 13 ከምናምን ድረስ መውጣት ይችላል። ስቶፐሩ 6 ሆኖ እስከ 3 ቢጨመቅ አክስሉ 12 ላይ ይቆማል፣ ሾኩ ያኔ 1 ሳንቲም ትንሽ ትርፍ ይኖረዋል። የምንፈልገው እሱን ነው። ወደ ታችም ባዶዋን 10 ሳንቲም ይዘረጋል ይበቃሃል። ስለዚህ በፋብሪካው ልክ ሁለት አዲስ ሾክ፣ በፋብሪካው ልክ ሁለት አዲስ ስቶፐር። ያ ከሆነ በኋላ የሐረሩ ወንድማችን ያለውን ባዶውን ጎማ ካገኘህ ግዛው፣ እሱ ቀድሞ እንዲነካ ሆኖ የተሰራ ነው፣ ግን ተጨምቆ ሲያልቅ ከ3 ሳንቲም እንዳያንስ ሻጩን ጠይቅ።

ጄኔሬተሩን ወደ ጋቢናው አስጠጋው፣ ናፍጣውንም አጠገቡ። 200 ሊትር ናፍጣ ብቻውን ወደ 170 ኪሎ ነው፣ እሱን ኋላ በር ላይ ማሰር ለሻንሲው ግፍ ነው። ስደምረው ደግሞ ከነሰዉ ወደ አንድ ቶን ትሄዳለህ፣ ጫፍ ላይ ነህ፣ ከዚህ በላይ አትጨምርባት።


ደንገጎ_ቁልቁለት

በመሃል ልግባና፣ ኋላዋ ከፍ ካለ ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፣ ፍሬን። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከሻንሲው ወደ አክስሉ በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች፣ ኋላ ስንት እንደተጫነ በአክስሉ ርቀት እየለካች ነው ለኋላ ፍሬን ግፊት የምትሰጠው። መኪናዋን 5 ሳንቲም ስታነሳት ቫልቯ ጭነት የለም ብላ ታስባለች፣ ኋላውን ትቀንሳለች፣ ሁሉም ፊት ላይ ይወድቃል። እኔ ከሐረር ወደ ድሬ ደንገጎን ስወርድ የፊት ፍሬን ሽታ ጋቢና ገብቶብኝ ያወቅኩት በዚህ ነው፣ ፔዳሏ እንደ ሊጥ ሆነች፣ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ነው ያወረድኳት፣ ሚስቴና ልጄ ከኋላ ነበሩ። ያቺ ዘንግ የምትስተካከል ናት፣ አስነሳሁ ስትል እሷንም አስተካክል በሏቸው እባካችሁ።


ሳቢያን_04

አቦ ይሄንንማ ማንም አልነገረኝም፣ ነገ አስተካክላታለሁ እግዜር ይስጥህ። ጋሼ ስንገጥመው በትክክል መስራቱን በምን አውቃለሁ? የሾኩ ዘንግ በቆርቆሮ ሽፋን ስለተሸፈነ አይታይም።


አለቃ_ገንደቆሬ

ግራሶ ቀባ። የሾኩን የታችኛውን አካል ቀጭን አርገህ ዙሪያውን ቀባው፣ ሾኩ ሲገባ ያ የቆርቆሮ ሽፋን ግራሶውን እየጠረገ ይወርዳል፣ የደረሰበት ቦታ ላይ ክብ መስመር ትቶልህ ይመለሳል። ሙሉ ሲዘጋ ሽፋኑ የት እንደሚደርስ ከመግጠምህ በፊት በምልክት ያዘው። አክስሉ ላይ ስቶፐሩ የሚያርፍበትንም ቀባው፣ መንካቱን ታያለህ። ቅጠል ስለጨመርክ ደግሞ ባሌስትራውን ከአክስሉ የሚያስሩትን የዩ ቅርፅ ቡሎኖች ሁሉ ጭነት ይዘህ ከሄድክበት በኋላ መልሰህ አጥብቃቸው፣ ቅጠሎቹ ሲደላደሉ ይላላሉ።


ሳቢያን_04

ተመልሼ መጣሁ፣ አስራ ሁለት ቀን ሆነ። በፋብሪካው ልክ ሾክ አራት ሳምንት ይፈጃል ቢሉኝም ሁለቱን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ ላከልኝ፣ ስቶፐሮቹን ድሬ ላይ አገኘሁ። ገጥመን ግራሶ ቀብተን ከትናንት ወዲያ አዲጋላ በኩል ሄድን፣ ያንኑ ጭነት ይዘን፣ ጄኔሬተሩን ወደ ፊት አስጠግተን። የሚደበድበኝ ደረጃ ጋ ስደርስ በ15 ነው የወረድኩት፣ ዱፍ አለ፣ ድሮ የማውቀው ድምፅ አይደለም፣ ከኋላ የተቀመጠው ረዳቴ እስከዛሬ ጣሪያውን ይዞ ነበር የሚወርደው አሁን ስልኩን እያየ ነበር።

ስንመለስ ከስር ገባሁ። አክስሉ ላይ ያለው ግራሶ መሃሉ ተጠርጎ ክብ የስቶፐሩ ቅርፅ ታትሞበታል፣ በግራም በቀኝም። የሾኩ ሽፋን የተወው መስመር ደግሞ ምልክት ካረግኩበት 2 ሳንቲም ያህል ሳይደርስ ቆሟል። ሾኮቹ ደረቅ ናቸው። የዩ ቡሎኖቹን እንዳሉት መፍቻ ስጥልባቸው የግራው የኋለኛው ግማሽ ዙር ዞረልኝ፣ ሌሎቹ ጥብቅ ናቸው፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በኋላ እንደገና አያቸዋለሁ። የፍሬኗን ዘንግም አስተካክለናታል፣ ደንገጎን ግን ገና አልወረድኩባትም፣ እሁድ ሐረር እናቴ ጋ ባዶዋን ይዣት እወጣለሁና ስመለስ እነግራችኋለሁ።

የሸዋበር ወንድሜ፣ ሐረር ስመጣ ያንን ባዶውን ጎማ ካንተ መኪና ላይ ብታሳየኝ ደስ ይለኛል፣ ሲጨመቅ ስንት እንደሚሆን በሜትር ልለካው እፈልጋለሁ።


የሸዋበር_ሹፌር

ና ብቻ፣ ክሪክም ሜትርም አለ። ስንጥቁን ጋሼ እንዳሉት ከስር አስፈልፍዬ ነበር ያስበየድኩት፣ እሱንም ታየዋለህ።